ሳላየው የሸጥኩት የአየርላንዳዊ ሣጥን

ይህ ጉዞ በጠቅላላው ስልሳ ሺህ ስምንት መቶ ብር ፈጅቶብኛል። ትኬት ሃያ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ፣ ቪዛ ሦስት ሺህ አራት መቶ፣ ለስጦታ የያዝኩት ዕቃ አምስት ሺህ ሁለት መቶ፣ ለኪስ የገዛሁት ዶላር አሥራ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ፣ ሱቄ ተዘግቶ ሳለ የከፈልኩት ኪራይ ስድስት ሺህ። ይህን ያስቀደምኩት የምናለሽ ተራ ጎረቤቶቼ «ደምሴ አሜሪካ ሄዶ ምን ይዞ መጣ?» እያሉ ስላሰለቹኝ ነው። ነገሩን በየቀኑ ከፋፍዬ አስቀምጠዋለሁ። ስንዱን አስፈቅጃለሁ፣ የሌሎቹን ስም ለውጫለሁ። መስማት ያልነበረበት ሽማግሌም አሁን በሕይወት የለም።

እኔ ያደግኩት ከረጢት ተሸክሜ «ቆራሌው!» እያልኩ በየሰፈሩ ስዞር ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዛሬ አሮጌ ዕቃ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ወረቀት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ በኪሎ ገዝቼ ለበርበሬና ለስኳር መጠቅለያ ሸጫለሁ።

በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታናሽ ወንድሜ ታምራት ከአትላንታ ደወለ። በሱዳን በኩል በስደተኝነት ከሄደ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል።

«ጋሼ፣ አሮጌ ወረቀት ዋጋ አለው?»

«በኪሎ ነው በፍሬ?»

«አትቀልድ። ስንዱ እጅ የገባ አንድ ሣጥን ወረቀት አለ። የሟቿ ዘመዶች በሎየር መጥተውብናል። እኔ እንግሊዝኛው አለኝ፤ ድርድሩን አልችልበትም። አንተ ናልኝ።»

ስንዱ ሚስቱ ናት። ወንድም ናልኝ ካለ ዋጋ አይጠየቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቆንስላዋ ፓስፖርቴን ስትገልጥ የዱባይና የጓንጁ ማኅተም አየች። ይህ ሰው የሚሸጠው ዕቃ እስካለው ድረስ የትም አይቀርም ብላ መሰለኝ፣ ቪዛውን መታችልኝ።

እሑድ። ከቦሌ ተነሣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ናቸው። ዋሽንግተን እስክንደርስ ቀበቶአቸውን አልፈቱም። «አንዴ ከተፈታ ማን ያስርልኛል?» አሉኝ። እኔ አለሁ ብላቸውም አላመኑኝም።

ሰኞ። ዋሽንግተን ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። ፈታሹ የበርበሬውን ላስቲክ በጣቱ ሲጫነው ፈነዳ። እሱ ያስነጥሳል፣ እኔ ይቅርታ እላለሁ፣ ያ ሁሉ ሲጸዳ የአትላንታው አውሮፕላን ሄደ። እኔ ያለኝ የዱባይ እንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋ ስንት፣ ቀንስ፣ የመጨረሻው ስንት። በዚህ አውሮፕላን አይመለስም። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ መጥረጊያ የያዘች ሴት ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ አምልጦዎት ነው?»

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«ሻንጣዎን በገመድ አሥረውታል።»

መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እስከ ትኬት መስኮቱ ድረስ ወሰደችኝ፤ ተከራክራ ሌላ በረራ አስያዘችልኝ፤ ዳቦዋንም ለሁለት ገምሳ ሰጠችኝ። «ጾም ነው፣ አትክልት ብቻ ነው ያለበት» አለች። የነቢያት ጾም ገብቷል። ስሟን ብጠይቃት «ለጸሎት ከሆነ ወለተ ማርያም ይበሉ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኛ አገር አውሮፕላን ላመለጠው ሰው መጀመሪያ የሚደርስለት ታክሲ ነው፤ እሱም በእጥፍ ዋጋ።

ታምራት አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና ይነዳል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አቅፎኝ ሲያበቃ ስለ ሣጥኑ ማውራት ጀመረ። መንገዱ በአንድ ወገን ብቻ ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ጡሩንባ የሚነፋ የለም። ሰፈሩ ስማይርና ይባላል። ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ዛፍ አለው፣ ግቢ አለው፣ አጥር የለውም። መንገድ ላይ አንድ ሰው አላየሁም። እኛ ዘንድ እንዲህ ጭር የሚለው ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ሲወጣ ነው።

ስንዱ በር ላይ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት። ከስታ ነበር።

ማክሰኞ። ታምራት ሥራ ቀርቶ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ።

ስንዱ በአንድ ኤጀንሲ በኩል አቅመ ደካማ አረጋውያንን በየቤታቸው ታስታምማለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ያስታመመቻት ኖራ የምትባል ባለጸጋ ያልሆነች የአየርላንድ ሰው ናት፤ ባልም ልጅም የላትም። የኖራ አባት እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ ጠመንጃ ይዞ የሸፈተ፣ የታሰረ፣ በኋላም ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። ደብዳቤዎቹ፣ የእስር ቤት ማስታወሻው፣ ፎቶግራፎቹ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበሩ። ኖራ ልትሞት ስትል ሣጥኑን ለስንዱ ሰጠቻት። ስንዱ ወደ ቤቷ አመጣችው። ምስክር የለም፣ ፊርማ የለም። አደራ ነው፤ እኛ ዘንድ አደራ ሲሰጥ ደረሰኝ አይቆረጥም።

ከሦስት ወር በኋላ ከሎየር ደብዳቤ መጣ። ሣጥኑ ለኖራ ወንድም ልጅ ለኬቪን ይመለስ፣ ካልሆነ በስርቆት ኬዝ እንከፍታለን ይላል። ለኤጀንሲውም አመልክተዋል። የስርቆት ክስ ከተመሠረተባት ስንዱ ላይሰንሷን ትነጠቃለች፤ ሌላ ሙያ የላትም፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ሊሆን ነው።

«ደብዳቤውን ኪችን ቆሜ ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩላት» አለ ታምራት። «‹የአብዮተኛው የግል ሰነዶች ባስቸኳይ ይመለሱ› ነው የሚለው።»

ስንዱ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ሣጥኑን ልየው» አልኩ።

እጇን አደራርቃ ገባችና አንድ የላስቲክ ከረጢት አመጣች። አሥራ አንድ ፎቶግራፍና ሁለት ደብዳቤ። አንዱ ፎቶ ላይ ጢሙን ያሳደገ፣ ኮቱ የጠበበው ቀጭን ወጣት ቆሟል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ቀለሙ አልፈሰሰም፤ በእጄ ዳሰስኩት፣ አሸተትኩት፤ እውነተኛ ነው።

«የቀረውስ?»

«ሰው ጋር ነው ጋሼ። ለጥንቃቄ ብዬ።»

መርካቶ ውስጥ ጆንያ ስገዛ ከላይ ያለውን እህል አላይም። ቱቦ የመሰለውን ብረት ወግቼ ከታች አወጣለሁ፤ አንዳንዴም መሬት ላይ አስገለብጣለሁ። ሻጩ አባቴ ቢሆንም። እዚህ ግን የወንድሜ ሚስት ናት፣ ያለሁት በቤቷ ነው፣ የተኛሁበትን አንሶላ ያነጠፈችው እሷ ናት። እንግዳ የአስተናጋጁን ጓዳ አይፈትሽም። በናሙና ተቀበልኩ።

ረቡዕ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ከቤት ወጣሁ። የእግረኛ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ሣር ላይ ነው የሚኬደው። ሩብ ሰዓት ሳልሄድ የፖሊስ መኪና አጠገቤ ቆመ። ፖሊሱ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። የጠፋሁ ሽማግሌ መስዬው ነው። ፓስፖርቴን ሰጠሁት፣ ታምራት የጻፈልኝን አድራሻ ሰጠሁት፤ በሩን ከፍቶ አስገብቶ ወደ ቤት መለሰኝ። አዲስ አበባ ፖሊስ መኪናው ላይ ሲጭነኝ ወደ ቤት ወስዶኝ አያውቅም።

ስንዱ በር ከፍታ መኪናውን ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ፖሊሱ እጁን አውለብልቦ ሄደ። እሷ ግን ደፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ውሃ አመጣሁላት። የደም ግፊት ነው አለችኝ። አመንኳት።

ከሰዓት በፊት ታምራት ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ የወዳጁ የከድር ሱቅ አወረደኝ። ከድር ጤፍና ቅመም ይሸጣል፤ በዲቪ ከመጣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በግራው የኮሪያ ፀጉር ቤት፣ በቀኙ የሜክሲኮ ጎማ ቤት አለ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ልቤ የተረጋጋው እዚያ ነው፤ ዕቃ በር ላይ ተቆልሏል፣ ሰው ይከራከራል።

«የምናለሽ ተራ ሰው ነህ አሉኝ» አለ ከድር። «አሮጌ አሮጌ ሸተተኝ ብዬ ነበር።»

«አንተስ የየት ነህ?»

«መርካቶ አሜሪካን ግቢ ተወልጄ አሜሪካ ገባሁ። ግቢው ይሻል ነበር።»

ምሳ የጋበዘኝ እሱ ነው። ሽሮና ጎመን አዘዘ፣ ለራሱም ያንኑ። ሥጋ ብላ እንጂ ብለው «ጾመኛ ፊት ሥጋ የሚበላው ምን ዓይነት እስላም ነው?» አለኝ። ከዚያ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ በቫኑ ቻምብሊ ወሰደኝ፤ እዚያ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። ምናለሽ ተራን አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ሙዚቃ ብትከፍትለት ማለት ነው። መነጽር በአንገቷ ያንጠለጠለች ባለሱቅ ደብዳቤዎቹን አነበበች፤ ከድር ተረጎመልኝ።

«ይሄኛው ካልሲ ላኩልኝ ይላል። ያኛው ደግሞ ትምባሆ።»

«ሌላ የለውም?»

«ወፍራም ካልሲ ይላል።»

ከርቸሌ የታሰሩ ጓደኞቼም የሚልኩት መልእክት ይኸው ነበር። ሴትዮዋ እንዳለችው የዚህ ዓይነት ወረቀት ዋጋ የሚያወጣው ሣጥኑ ሳይበተን በሙሉ ሲገኝ ነው። ካልሲ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ሐሙስ። ኬቪንን ያገኘነው ቁርስ ቤት ነው። ታምራት ቁጡ ስለሆነ ሥራ ይሂድ አልኩ፤ አስተርጓሚዬ ከድር ሆነ። ኬቪን የከባድ መኪና ጎማ ነጋዴ ነው፤ አንገቱ ቀይ፣ እጁ እንደኔው ሻካራ። ሎየሩን ሳይዝ መምጣቱን ወደድኩለት። የነጋዴ ነገር ነው፤ ባለጉዳይ ከባለጉዳይ ጋር ሲቀመጥ ዕቃው ይረክሳል፣ ጊዜውም ያጥራል።

እኔ በአሥር ሺህ ዶላር ጀመርኩ። እሱ የራሴን ንብረት ልትሸጥልኝ ነው ወይ አለ። የአክስትህን ገላ ስድስት ዓመት ያጠበችላችሁን ሰው በምን ትተምኗታላችሁ አልኩት። ሹካውን አስቀምጦ የሚከተለውን ተናገረ፤ ከድር ቀስ እያለ አወረደልኝ።

«አያቴ ሲታሰር አንድ ጓደኛው አምልጦ ገበሬ ቤት ተደብቆ ነበር። በሳምንቱ ቤቱ ተከበበ፣ ጓደኛው ተገደለ፣ አያቴ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ስማችን የከዳተኛ ስም ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ አንዴ ሄዶ ነበር፤ ቡና ቤት ገብቶ ስሙን ሲናገር ሁሉም ብርጭቆውን ትቶ ወጣ። አሁን ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፣ አልጋ ላይ ነው። አክስቴ ኖራ ልጅ ሳለሁ ‹እውነቱ የተጻፈበት ደብዳቤ እኔ ጋር አለ› ትል ነበር፤ ግን አታሳይም። እኔ የምፈልገው ያን ደብዳቤ ነው። አባቴ ሳይሞት ላነብለት ነው። የቀረውን ወረቀት ዩኒቨርሲቲ ይገዛኛል።»

ለሣጥኑ ስድስት ሺህ ዶላር ሊሰጥ፣ ክሱንም ሊተው ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ቦታ ርክክብ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ከድር ቫኑ ውስጥ «አንተ ሰውዬ ሰይጣን ነህ» አለኝ። ደስ አለኝ። ሳላየው ሸጬ ደስ አለኝ።

ዓርብ። ስንዱ ቀኑን ሙሉ አልበላችም። ሲመሽ ጾም ፈታሁ ብላ ግማሽ ብርቱካን ጎረሰች። ታምራት ገንዘቡ መጥቶ ሳያበቃ በሐሳቡ የራሱን ቫን ገዝቶ ቀለሙን ሁሉ መርጦ ነበር። «ጥቁር አይሻልም ጋሼ? የኤርፖርት ሰው ጥቁር ይወዳል።» ስንዱ ተነሥታ ቀድሞ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ያዘች። ሣጥኑን መቼ እንደምናመጣው ጠየቅኋት፤ «ጠዋት ይደርሳል» አለች።

ቅዳሜ። ታምራት ገና በማለዳ መንገደኛ ሊያደርስ ወጥቷል። ሻዬን ስጠጣ ስንዱ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች።

«ጋሼ፣ ይምጡ ላሳይዎ።»

ከቤቱ ጀርባ ሥጋ የሚጠበስበት፣ ክዳን ያለው የብረት ምድጃ አላቸው፤ ግሪል ይሉታል። ክዳኑን አነሣች። ዐመድ ነው። መካከሉ ላይ ጠቁሮ የተጨማደደ ቆርቆሮ አለ።

«ሣጥኑ ይኸውልዎ።»

መጀመሪያ የወጣኝ የነጋዴ ቁጣ ነው። «ማክሰኞ ለምን አልነገርሽኝም? ሰው ፊት እጄን ሰጥቼ!»

«ሰው ጋር ነው ስልዎ ዝም አሉ። ቢያፋጥጡኝ እነግርዎ ነበር።»

እውነቷን ነው። ግቢው ውስጥ ያለ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ቆማ ነገረችኝ።

ደሴ ነው ያደገችው። በቀይ ሽብር ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ወንድሟ ብርሃኑ አሥራ ዘጠኝ። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ስለሆነ የሚበተነውን ወረቀት የሚጽፈው እሱ ነበር። አሰሳ እንደሚመጣ ሲሰማ እናቷ ወረቀቶቹን ሰብስባ ለስንዱ ሰጠቻትና «ምድጃ ክተቺ» አለቻት። ስንዱ ግን ሁለቱን አስቀረች፤ ፊደል የምትለማመደው የሱን እያየች ነበርና። ደብተሯ ውስጥ ሸጎጠቻቸው።

«ሲፈትሹ አገኙት። አንዱ አጠገቤ ተቀመጠ። ራሴን ደባበሰኝ። ‹እንዴት ያምራል፣ የማን ጽሑፍ ነው?› አለኝ። እኔ ደግሞ ኮራሁ። ‹የብርሃኑ ነው› አልኩ።»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«በሦስተኛው ቀን አስፋልት ላይ አገኘነው። እናቴ ማን እንደተናገረ ሳታውቅ ሞተች። ታምራት ወንድሜ እንደተገደለ ያውቃል፤ ይሄን አያውቅም። ደብዳቤውን ኪችን ቆሞ ሲያነብልኝ የአብዮተኛ ሰነድ አለ፣ ባስቸኳይ አለ፣ እንደሚፈትሹ መሰለኝ። እሱ ለሥራ ሲወጣ አወጣሁትና አቃጠልኩት። ፎቶዎቹን ግን የሰው ፊት ነውና አልቻልኩም። ሁለቱ ደብዳቤዎች ከፎቶ ጀርባ ተጣብቀው ነው የተረፉት። ወረቀቶቹ ነደው ሲያበቁ አሜሪካ እንዳለሁ ትዝ አለኝ።»

ከወንበሩ ተነሣሁ። «እንሂድና እንንገረው» አልኩ። «ብንቀርስ?» አለች። ብንቀር ነገ ፖሊስ እንደሚመጣ፣ ያን ጊዜ እኔም እንደማልኖር ነገርኳት። ጫማዋን አደረገች።

ቁርስ ቤቱ ቅዳሜ ስለሆነ ሞልቷል። ኬቪን ጥግ ይዞ ጠረጴዛውን ጠርጎ ነበር፤ ለሣጥኑ ቦታ እንዲሆን። ከድር አጠገቤ ሆኖ በጆሮዬ ይተረጉማል። ስንዱ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፤ ከረጢቱን አስቀመጠችና ሳታቋርጥ ነገረችው። ስለ ብርሃኑ ግን አልነገረችውም። ኬቪን ፎቶግራፎቹን ነካ አድርጎ ተወ።

«ምን ፈርተሽ ነው? ወረቀት እኮ ነው።»

«እኔ ያደግኩበት አገር ወረቀት ሰው ያስገድላል።»

ተነሣ። የሚሄድ መሰለኝ፤ እኔም ብነሣ እንዴት እንደምይዘው ማሰብ ጀመርኩ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አንብበሽዋል?»

«አዎ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ለኖራ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ ከሰዓት።»

«ያ ደብዳቤ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ምን ይላል?»

ስንዱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ፣ ኮቱ የጠበበውን ወጣት አየች።

«‹ሰባት ቀን ደበደቡኝ፤ ስሙን ግን አልተናገርኩም› ይላል» አለች።

ኬቪን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አስተናጋጇ ውሃ ልትጨምር መጥታ ተመለሰች። ኬቪን ስልኩን አወጣና ስንዱን አንድ ነገር ለመናት፤ ከድር መተርጎሙን ትቶ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ነገረኝ። አባቱ እንዲሰማው በድምፅ ሊቀዳት ነው፤ አሁን ያለችውን ደግማ እንድትልለት፣ ቀስ ብላ፣ ስሟን ጠርታ።

ስንዱ ስልኩን ተቀበለች። ስሟን ጠራች። ያንኑ ደገመች።

እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ከድር በሁለት ቋንቋ የጻፈውን ወረቀት አቀረብኩ፤ ስለ ሣጥኑ ክስ እንደማይመሠርት ይላል። ኬቪን ፈረመ። ስለ ኤጀንሲው ስጠይቀው ማመልከቻው ከእጁ እንደወጣ፣ እነሱ በራሳቸው አሠራር እንደሚሄዱ ተናገረ። «ገንዘቡ እንግዲህ የለም» አለ፤ የለም አልኩ። ፎቶግራፎቹን፣ የካልሲውንና የትምባሆውን ደብዳቤ ይዞ ሄደ።

ከድር ወደ ሱቁ ተመለሰ። እኔና ስንዱ እሷ ፓርክ ያደረገችው መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን አላዞረችም።

«እንዲያ ነው የሚለው?» አልኳት።

«አይልም።»

«ምን ይላል?»

«በሰባተኛው ቀን ተናገርኩ ነው የሚለው። የገበሬውን ቤት፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር ነገርኳቸው ይላል። ኖራ ሣጥኑን ስትሰጠኝ ‹ወንድሜ ይህን እንዳይሰማ› አለችኝ። ጠብቂ ነው እንጂ አቃጥዪ አላለችኝም።»

«ታዲያ አሁን ያልሽው?»

«ምን ልበለው ጋሼ? ያ ሽማግሌ ምን ያደርግበታል?»

ብዙ ዘመን ከሻጭ ጋር ስለኖርኩ ውሸት ስሰማ አውቃለሁ። እሷ ስትናገር ግን አላወቅኩባትም ነበር።

«ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ» አለች። «አሁን እርስዎ ሁለተኛ ሆኑ።» መኪናውን አስነሣች።

ታምራት ከሰዓት በኋላ ሲመጣ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ የብርሃኑን ነገር ትቼ። አልጮኸም። ወጥቶ ንጹሑን መኪና ሁለት ሰዓት አጠበው።

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን፤ ሦስታችንም በአንድ መኪና። ስንዱ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቄስ ጋር ብቻዋን ቆማ አየኋት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ስትመለስ ዓይኗ አልቀላም። በእድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰዎች እጄን ይዘው ስለ አዲስ አበባ ጠየቁኝ፤ አንዷ ሴት ለመንገድ ብላ ዳቦ ቆሎ ጠቀለለችልኝ።

ሰኞ። ኤጀንሲው ደወለ። ስንዱ ስልኩን ክፍት አድርጋ ሰማን። ከታካሚ ቤት ንብረት መውሰድ የተከለከለ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሺፍት እንደማይሰጧት፣ ክስ ስላልቀረበ ላይሰንሷ እንደማይነካ ተናገሩ። «ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» አለች። የደንብ ልብሷን አጣጥፋ በላስቲክ ከተተችው፤ መመለስ አለበት።

ታምራት ይህን ሲያይ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገራት። «በልተሻል?» አላት። «አልበላሁም» አለች። ሁለት ሳህን አወጣ።

ረቡዕ። ከድር ሱቁን ዘግቶ ሊሸኘኝ መጣ። ለባለቤቴ አንድ ጠርሙስ ሽቶ፣ ለእኔ ወፍራም ካልሲ ይዞ ነበር፤ ሦስት ጥንድ። «ለትዝታ ነው» አለኝ። ልስቅ ሞከርኩ። ስንዱ ሻንጣዬን ራሷ አሰናዳችው፤ ገመዱን ግን መልሳ አላሰረችውም፣ ቁልፍ ገዝታለት ነበር። ስትሰናበተኝ ጉልበቴን ስትስም አልከለከልኳትም።

በፋሲካ ታምራት ደውሎ የኬቪን አባት እንዳረፈ ነገረኝ። የድምፅ ቅጂውን በየቀኑ ያስከፍት ነበር አሉ። አስከሬኑን አየርላንድ ወስደው በትውልድ መንደሩ ቀበሩት፤ ጥቂት የመንደሩ ሰዎች መጥተው ነበር፣ አብዛኞቹ አልመጡም። ስንዱ አሁን የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ደመወዟ ከቀድሞው ያነሰ ነው።

ወጪ ስልሳ ሺህ ስምንት መቶ ብር። ከኪስ ገንዘብ ተርፎ የተመለሰ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ብር። ከሣጥኑ የተገኘ ገቢ የለም። ኪሳራ ሃምሳ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ብር።